ከሚዛኑ ውጭ

ባለሥጋ ቤቱ ልጁን የሚያሳምማትን ሰው ያገኘ ዕለት ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። የማያውቀው ሰውየውን ብቻ ነው።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል ሆስፒታሉ ኬቶጀኒክ የሚባል አመጋገብ አዘዘላት። ቅባቱ ብዙ፣ ፕሮቲኑ በልክ፣ ካርቦሃይድሬቱ ለስሙ ያህል። ሦስቱ ሚዛናቸውን ከጠበቁ አንጎሏ ይረጋጋል፤ ከተዛቡ ይጥላታል። የምግብ ባለሙያዋ ይህን ስታስረዳ ሚስቱ አፍ አፏን ታያለች። በእሱ ጆሮ የቀረው «ስኳር» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ስኳርን ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ ደመኛ ጠላት ያዘው።

ሚስቱ ትንሽ ሚዛን ገዛች። ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ ቅጠላ ቅጠሉን እየመዘነች ታቀርባለች። ልጅቷም ክረምቱን ሙሉ አንዴም ሳትወድቅ ከረመች። አባቷ ሰው ፊት ማልቀስ የማይወድ ሰው ነው እንጂ አልቅሶ ነበር።

ክረምቱ ወጣ፣ እናቷ ሥራ ገባች፣ በሽታውም ተመለሰ።

«ከሚዛኑ ውጭ የሆነ ነገር እየበላች ነው» አለች ባለሙያዋ። «አንድ ሰው እያበላት ነው።»

ባለሥጋ ቤቱ መጀመሪያ የሄደው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ሱቅ ነው። እጁን በመስኮቱ አሳልፎ የባለሱቁን አንገት አነቀ።

«ለልጄ ከረሜላ ሸጠሃል?»

«ኧረ በእናትህ! ልጅህ እዚህ ደርሳም አታውቅ!»

የከረሜላውን ብልቃጥ አንስቶ ባንኮኒው ላይ ከሰከሰው። ስብርባሪው የባለሱቁን እጅ ዘለዘለው፤ ደሙ ከረሜላው ላይ ተንጠባጠበ። ባለሥጋ ቤቱ ዞር ብሎም አላየው። ምን አባቱ!

አንጀቱ ግን አልራሰም፤ ምክንያቱም ልቡ ሌላ ሰው ላይ ነበር። የሚስቱ ወንድም ኬክ ቤት አለው። ባለሥጋ ቤቱ ሲጠራው «ዱቄት» ነው የሚለው። ሸሚዙ ሁሌ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል፤ እናቷ ሥራ ስትሆን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን የሚጠብቃት ደግሞ እሱ ነው። ለዚያውም ልጅ ስታለቅስ ማየት የማይችል ለስላሳ ሰው።

«ወንድሜን ተወው» ትላለች ሚስቱ። «ነፍሱን ይሰጥላታል እኮ!»

«እሱ እኮ ነው! እየሳሳላት ይገድላታል።»

ማታ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ሲገባ ዱቄት ይወጣል። ሚስቱ እስክትመለስ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ለራሱ ከጠበሰው ላይ ስቡን እየገፈፈ፣ ቀይ ቀዩን እየመረጠ አንዳንድ ያጎርሳታል። ስብ የሚጠቀለለው ለማይወደው ደንበኛ ነው፤ ለልጁማ እጁም አይታዘዘው። እያጎረሰ ይመረምራታል።

«አጎትሽ ዛሬ ምን አበላሽ?»

«ምንም።»

«ኬክ?»

«ኧረ አባዬ! ኬክ አይፈቀድልኝም እኮ።»

«እሺ ማነው የሚያበላሽ?»

ልጅቷ ትስቅና አፏን እንደገና ትከፍታለች። አስጠንቷታል፣ ይላል ባለሥጋ ቤቱ በልቡ፤ እንድትደብቀኝ አስጠንቷታል።

የቀጠሮዋ ቀን እናቷ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ሆስፒታል የወሰዳት ዱቄት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ለባለሥጋ ቤቱ ደወለች።

«ልጅቷን ጣላት! አጎቷ ከሆስፒታል አምጥቶ እኔ ጋ ትቷት፣ ጋሼን ላናግረው ብሎ እየሮጠ እንደወጣ ጣላት! አሁን ተረጋግታ ተኝታለች።»

ባለሥጋ ቤቱ ስልኩን ገና ሳያስቀምጥ ዱቄት እያለከለከ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ስለ ልጅቷ ነው… እባክህ እንዳትቆጣ። በክፋት የተደረገ አይደለም…»

ሌላ ቃል አልወጣውም። የመጀመሪያው ቡጢ ከንፈሩን ሰነጠቀው። ባለሥጋ ቤቱ ፀጉሩን ጨምድዶ ፊቱን መክተፊያው ግንድ ላይ ደጋግሞ አጋጨው። መንጋጋው ሲሰበር ተሰማው፤ ዕድሜውን አጥንት ሲሰብር የኖረ ሰው ድምፁን አይስተውም። መሬት ሲወድቅ ጎኑን በጫማ ረገጠው፤ ደግሞ ረገጠው። ደንበኞቹ ተረባርበው አራት ሆነው ጎተቱት።

«ገደልከው እኮ ሰውዬ!»

«ልጄን ሲገድላት የት ነበራችሁ?»

ዱቄትን ራሱን እንደሳተ አምቡላንስ ወሰደው። ፖሊስ ይመጣል ተባለ። ይምጣ! ባለሥጋ ቤቱ ቢላዎቹን አጥቦ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ወንድሟ ጋ ልታድር ሆስፒታል ሄዳለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል ብሎት፣ ልጁን ከወትሮው እጥፍ አጎርሶ፣ ግንባሯን ስሞ አስተኛት።

ጠዋት ጣላት። እንደ ሌላው ጊዜ አልተዋትም። ጥርሷ ግጥም ብሎ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ሰውነቷ እየተንዘፈዘፈ ተሸክሟት ሆስፒታል ሮጠ። ሐኪሞቹ ከእጁ ነጥቀው መጋረጃ ጋረዱበት። መርፌው መንዘፍዘፉን አቆመው፤ ልጅቷ ግን አልነቃችም። ትነቃ እንደሆነም የነገረው የለም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያኔ ነው የገባው። ዱቄት ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ተጋድሟል። ታዲያ ማን አበላት?

ክፍሉን ፈልጎ ገባ። ሚስቱ አልጋው ፊት ተገተረች።

«እንዳትነካው! ገና አሁን መንቃቱ ነው!»

«አልነካውም።» ጎንበስ አለ። «ዱቄት፣ ትናንት ምን ልትለኝ ነበር የመጣኸው?»

የዱቄት ዓይኖች አብጠው ተዘግተዋል፤ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። በጥርሶቹ መሃል ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ልጅቷ ለባለሙያዋ ነገረቻት፤ ሚዛኑን የሚያዛባው ፕሮቲኑ ነው አለች። ማታ ማታ የምታበላትን ሥጋ ተው ልልህ ነበር፣ ጋሼ።»