ግራዝማች አዛናው የመረጡት ዳርቻ

ጣሊያን መተማ በገባ በዓመቱ ስለ አገሩ ባላባቶች ጤና ክፉኛ ይጨነቅ ጀመር። ቆላው ሐሩር ነው፣ ወባው አያስቀምጥም፣ ሰዎቹም ደክመዋል። ስለዚህ የጣሊያኑ ሻለቃ በአስተርጓሚው በበሽር አፍ አስነገረ፦ መንግሥት ባላባቶቹን ቀይ ባሕር ላይ ካለች ደሴት ወስዶ ሊያሳርፋቸው ነው። ደሴቲቱ ሦስት ዳርቻ አላት፤ ሁሉም የሚወደውን ይምረጥ።

ከዚያች ደሴት የተመለሰ ሰው እንደሌለ መተማ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ባላባቶቹ እጅ ነሥተው አመሰገኑ፤ ጀንበር ሳትጠልቅም አንድ በአንድ ገላባት ተሻግረው ከእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ገቡ። ድንበሩ ኾር የሚሉት በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው፤ ፍየል እንኳ ሳታስበው መንግሥት ትለውጣለች።

የቀሩት ግራዝማች አዛናው ብቻ ናቸው። እሳቸው ዳርቻ ይመርጡ ነበር።

አመራረጣቸውም የእርሻ በሬ እንደሚገዛ ሰው ነው። በሽርን ከቢሮው ደጃፍ እየጠበቁ ይይዙታል።

«አንደኛው እንዴት ያለ ነው?»

«ዘንባባ አለው፣ ግራዝማች። ነፋስም አለው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዓሣ ነዋ! መርከብ ሲያልፍም ይታያል።»

«ሦስተኛውስ? አሸዋው ልል ነው? በእጅ ይቆፈራል?»

በሽር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሕፃን እንጂ ከባላባት ሰምቶ አያውቅም። «አሸዋ አሸዋ ነው እንግዲህ» ብሎ አለፈ።

ግራዝማች ነገረ ሥራቸው ሁሉ ባሕር የሆነው የጨው ነጋዴው ኸሊፋ ከምጽዋ ከተመለሰ ወዲህ ነው። ኸሊፋ እቤታቸው ገብቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ሲያጫውታቸው ዋለ። በማግስቱ ጠጉራቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ገበያ ወጡ። ለባሕር አየር ነው ተባለ። ከአባ ገብረማርያም አንድ ጠርሙስ ጸበል ተቀበሉ፤ የባሕር ውሃ ጨው ስለሆነ ነው ተባለ። ከዚያ ደግሞ አዲስ ሰሌን ተከራክረው ገዙ።

«አሸዋ ላይ ሊንጋለሉበት እኮ ነው!» አለች ጠላ ሻጯ አየሁሽ። «ፈረንጅ እንዲህ ነው አሉ የሚያደርግ።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ሰሌኑን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በከባድ ሰው አረማመድ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሚዜያቸው ውባንተ ከገላባት ሰው ቢልክ ቢልክ አልሆን ስላለው ለነፍሱ ሳይሳሳ ራሱ ተሻግሮ መጣ።

«አዛናው፣ ምን ሆነህ ነው የማትነሣ? ሊበሉህ እኮ ነው!»

«ዳርቻ አልመረጥሁማ።»

«ዳርቻህን ይንሣህና! ልጅህ ገዳሪፍ ጥጥ ለቀማ ብሎ እንደወጣ በዚያው አይደለም የቀረ? ተነሥና ወደ እሱ ሂድ!»

«ወደ እሱማ እሄዳለሁ» አሉ ግራዝማች።

«መቼ?»

«ይህ የዳርቻ ነገር ይቆረጥልኝና።»

ውባንተ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሚስታቸው ዞረ። «አሰበች፣ አንቺ እንኳ ንገሪው እንጂ!»

ወይዘሮ አሰበች ስንቅ እየቋጠሩ ነበር። ቀና አላሉም።

«ይሂድ» አሉ። «ቶሎ ይሂድ።»

ውባንተ አማተበና ወጣ። ባሏን ለጣሊያን አስረክባ ቤቱን ለብቻዋ ልትወርስ የቸኮለች ሴት በዓይኔ አየሁ ብሎ ገላባት ላይ አወራ። ገላባትም አመነ፤ ስደተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው።

ሻለቃው ግራዝማችን ያስጠራቸው በረፋዱ ላይ ነው። ፊቱ በደስታ አብርቷል፤ ግብዣውን ያከበረለት አንድ ሰው ቢያገኝ ምን ይደረግ። ወንበር አስቀረበላቸው፤ ከዚያ ሦስት ፎቶግራፎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

ግራዝማች ዘንባባውን በጣታቸው ገፉት። ዓሣ አጥማጆቹንም ገፉት። ሦስተኛውን አነሡ። አሸዋ ብቻ ነው፤ ከአሸዋው በላይ በተርታ የተቀመጡ ድንጋዮች ይታያሉ። ወደ ከንፈራቸው አስጠጉት። በሽር ባሕሩን ሊያሸቱ ነው ብሎ አፈረላቸው።

«ይህን» አሉ።

ሻለቃው ከት ብሎ ሳቀና ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ ወታደሮቹን ሊጠራ ወደ ውጭ ወጣ። ከደጅ የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። በሽር የመንግሥት እንጀራ ይብላ እንጂ የመተማ ልጅ ነው፤ አላስችል አለው። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሾከ።

«ግራዝማች፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የጓሮው በር ክፍት ነው! ኾሩ እዚያ ነው፣ ይሩጡ! ያ ዘንባባ ያልሁዎት እስር ቤቱ ነው። ያ ዓሣ ያልሁዎት ድንጋይ የሚያስፈልጡበት ነው። ይህ እርስዎ የመረጡት ደግሞ ጭራሽ ሰው የሚኖርበት አይደለም፤ የሞቱትን ወስደው የሚጥሉበት ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ ግራዝማች። «ልጄን የጣሉት እዚያ ነው።»