ነጩ ብሎክ

እናቱ የተቀበረች ዕለት ለአባቱ በስልክ ዋሸ። «ወገቤ ተቀጭቶ ተኝቻለሁ። ለመንገዱ ሙሌት የምንሸከመው ድንጋይ የበር መዝጊያ ያክላል» አለ። እውነቱ ግን፣ ሁለት ዓመት ታማ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቃት፣ ለቀብሯ ሰው ፊት መቆም አፍሮ ነው።

በወሩ አባቱና አጎቱ ሳይነግሩት ከገጠር ተነስተው የመንገድ ሥራው ቦታ ድረስ መጡ። እሱ ያን ሰዓት ትልቅ ነጭ ብሎክ ተሸክሞ እያፏጨ ይሄድ ነበር። ብሎኩ ድንጋይ ሳይሆን፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ እንደሚገኘው ማሸጊያ ያለ ፎም ነው። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ፣ ድንጋይ ቢሞሉበት ይሰምጣል ተብሎ የመጣ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ነገር ነው።

ሁለቱን ሲያይ ፉጨቱን አቆመ። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ ያቃስት ጀመር።

አጎቱ ቆመው አዩት። ለቅሶው ላይ «እናቱን አፈር ያላለበሰ!» እያሉ ሲያሙት የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። አባቱ ግን «ልጄን ገደሉት!» ብለው ዱላቸውን ጣሉና ሮጡ። ብሎኩን ባለ በሌለ ኃይላቸው ከትከሻው ላይ መነጨቁት። ተስፈንጥሮ ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

አባቱ ብሎኩን እንዳቀፉ ልጃቸውን አዩት። እሱ ዐይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም።

«እስቲ እኔም ልሞክረው» አሉ አጎቱ፣ እጃቸውን ዘርግተው እየቀረቡ።

አባቱ ጀርባቸውን ሰጧቸው። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አቃሰቱ።

«ተው፣ እንዳትነካው! ወገብህን ይቀጭሃል!»