የጋሽ ባህሩ ማስታንግ

ላስቲኩ ሲገፈፍ መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው። ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የኖረው ስምዖን ሽታውን ያውቀዋል። እርጥበት ነው፤ የታፈነ፣ የከረመ። ከኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ጀርባ ባለችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ቀይዋ ማስታንግ መኪና፣ አንድ ፓራፋንጎዋ እንደተጨረማመተ ብቅ አለች።

«ግፈፈው፣ ግፈፈው» አሉ ባለቤቷ ጋሽ ባህሩ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመው። ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል። «በሦስት ላስቲክ ነው የጠቀለልኳት። አንዲት አቧራ አልነካቻትም።»

እውነታቸውን ነው፤ አቧራ አልነካትም። አዲስ አበባ ያደገ ባለመኪና ከአቧራ ሌላ ጠላት አያውቅም። ማስታንጓ ልጃቸው ቤዚ በተወለደች ዓመት የተገዛች ናት፤ «ስድርሽ የምሸኝሽ በዚች ነው» ይሏት ነበር። ተገጭታ ስትቆም ማሠሪያ ጊዜ እስኪያገኙ ብለው ጠቀለሏት። እዚህ አገር ግን ጠላቱ ውሃ ነው። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ከሚበተነው ጨው ጋር፣ ከነእርጥብ ሆዷ አፈኗት፤ ላስቲኩም ውሃውን ይዞ ብረቱን በዝገት ሲያስበላው ኖረ።

ስምዖን በክሪክ አንስቷት፣ የእጅ ባትሪ ይዞ ከሥሯ ገባ። መኪናዋን የተሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ዝገቱ ፊቱ ላይ ረገፈ። ሌላ ቦታ ነካ፤ እዚያም ያው። ብየዳ የሚይዝ ጤነኛ ብረት የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥቶ «ጋሼ፣ እርምዎን ያውጡ» ይል ነበር።

ዛሬ ግን ምላሱን የያዘው ነገር አለ። ቤዚ ጠዋት እያለቀሰች ነግራዋለች። አባቷ ሐሙስ ኦፕራሲዮን ይግቡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል፤ ካልገቡ ደግሞ ብዙ አይቆዩም። ስትለምናቸው ከርማ በመጨረሻ ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «ስምዖን ማስታንጓን ይይልኝ። ትሠራለች ካለ እገባለሁ። አበቃላት ካለ እኔንም ተዉኝ።»

«አንክል ስምዖን፣ ፕሊስ» ብላዋለች። «ትሠራለች ብቻ በለው።»

ስምዖን በመኪና ዋሽቶ አያውቅም። «ብረት ይሉኝታ የለውም» እያለ ስንት ደንበኛ አስቀይሟል። ግን እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ለጋሽ ባህሩ ይህን ማን ያረዳቸዋል? እሱ ብቻውን፣ ከመኪና ሥር ተጋድሞ? ከሥር ሆኖ በሩ ላይ የቆሙትን የአባትና የልጅን እግር ያያል። የቤዚ ቦት ጫማ አላርፍ ብሏል። ፈራ፤ አዘነም።

ወጣ፤ ክሪኩን አወረደ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እህስ?» አሉ ጋሽ ባህሩ።

«ትሠራለች» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ጊዜ ትፈልጋለች እንጂ ትሠራለች፣ ጋሼ።»

«ሻንሲውስ?»

«ጤነኛ ነው።»

ቤዚ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ኦ ማይ ጋድ! ሰማህ ዳዲ? ሐሙስ እንሄዳለን፤ ፕሮሚስ አድርገሃል!»

ጋሽ ባህሩ ቀስ እያሉ ወደ መኪናዋ ተጠጉና በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ከበሩ ሥር ባለው ብረት ላይ አሳርፈው ትንሽ ተጫኑት። ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ፤ የምርኩዙ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ። ቤዚ እንባዋን እየጠረገች ነበርና አላየችም።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ስምዖን እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ኀፍረቱ ጆሮውን አጋለው። ሽማግሌው አልተቆጡትም፤ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ዝም እንዲል በዐይናቸው ጠቀሱት።

ምርኩዛቸውን አወጡ። ዞረው በሩን ተደገፉና የካፖርታቸውን ጫፍ ቀዳዳው ላይ ጣል አደረጉት።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» አሉ ልጃቸውን።

«በጠዋት ነው ዳዲ። ቬሪ ኧርሊ።»

«እንግዲያው ቀስቅሺኝ። እኔ እንደሆንኩ እንቅልፋም ነኝ።»

ቤዚ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ባህሩ በአንድ እጃቸው አቀፏት፤ በሌላው የካፖርቱን ጫፍ እንዳይገለጥ ጨብጠው ያዙት።