በካርታው ኤግዚቢሽን ላይ የተነበበው ስም

«ልጄ… እዚህ መስታወት ላይ የቀየት ገብስም፣ ያ የደጄ ገብስ፣ ይታያል?»

እማማ ጌታነሽ ስክሪኑን በጣታቸው ሊነኩ ብለው ፈሩት።

«ይንኩት እማማ፣ ምንም አይሆንም» አልኳቸው።

አዲስ አበባ… የካርታና የቅየሳ ኤግዚቢሽን ላይ ነን። ድሮኑ፣ የመለኪያ መሣሪያው፣ ከረባት ያሰረው ሰው… አዳራሹ ጢም ብሏል።

እኔ የአንድ የቅየሳ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ቀን የድርጅታችንን ካርታ በትልቅ ስክሪን ለጎብኚዎች አሳይ ነበር።

አለቃዬ ኢንጂነር አትናቴዎስ ይባላል (ስሞቹን ቀይሬያለሁ)… የእማማ ጌታነሽ ልጅ ነው።

የዓመቱ ምርጥ ካርታ ተብሎ የሚሸለመው የእሱ ሥራ ነበር። የተወለደበትን የመንዝ ገጠር ማሳ በማሳ ለክቶ ነው የሠራው።

ለሽልማቱ እናቱን አስመጣ። አዲስ ነጠላ ገዛላቸው። «እማዬን አንድ ቀን እንኳ ላስደስታት» ሲል ስሰማ… እውነቱን ልንገራችሁ… ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

እንግዶች ሊቀበል ሲሄድ እሳቸውን እኔ ጋ ተዋቸው።

ፊደል አልቆጠሩም። ካርታውን ግን ከእኔ በላይ አወቁት!

«ይኼ ገብርኤል ነው… ይኼ ወንዙ… ይኼ የጥዱ ዛፍ ጥግ… ይኸውና! የእኔ ማሳ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

«ይኼን ለሴቷ ልጄ ለትሕትና ነው ያሰብኩት» አሉኝ። «ትምህርቷን ከስምንተኛ አቋርጣ፣ በግ እያረባች እየሸጠች ወንድሟን ያስተማረችው እሷ ናት። እኔንም የምትጦረኝ እሷው… በል እስቲ ስሜን አንብብልኝ። በመሬቴ ላይ ተጽፎ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም።»

ማሳውን ነካሁት። ጽሑፉ ወጣ።

ባለይዞታ…

ደግሜ አነበብኩት።

«ምነው? አልጻፉኝም እንዴ?»

ውሸት አልመጣልኝም።

«እማማ… አትናቴዎስ ነው የሚለው። በስጦታ ያገኘው ይላል።»

«ማን ሰጠው?»

«እርስዎ።»

አውራ ጣታቸውን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት…

«አምና ለፋሲካ መጥቶ… ‹ለልኬቱ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ› ብሎ ጣቴን ቀለም አስነካኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ወዲያው በማይክ ተጠሩ።

«የተሸላሚያችን እናት ከመንዝ ድረስ መጥተዋል! መድረክ ላይ ወጥተው ልጃቸውን ይመርቁልን!»

ደግፌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አትናቴዎስ ዋንጫውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ካሜራው ሁሉ ዞረ።

ማይኩን ያዙ። እንባቸው ወረደ…

«ልጄ… አገሩን ሁሉ ለክተሃል አሉ…»

ዋንጫውን አዩና ጨመሩ።

«እግዜር ልብ ይስጥህ።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ጭብጨባው ቀለጠ። ምርቃት መስሏቸው ያለቀሱም ነበሩ።

የአትናቴዎስ ብቻ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

እኔስ?

እኔም አጨበጨብኩ…

ይዣቸው ስወጣ አትናቴዎስ ውጭ ድረስ እየሮጠ ተከተለን።

«እማዬ! መሬቱ እኮ ያው የእኛው ነው! ትሕትና ስታገባ ወደ ባዕድ እንዳይሄድ ብዬ ነው!»

«አንተ ስታገባስ?» አሉት።

መልሱን ሳይጠብቁ ወደ እኔ ዞሩና… «መናኸሪያ አድርሰኝ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት አትናቴዎስ ቢሮው ጠራኝ።

«‹ለልኬቱ ነው› ባልላት ኖሮ እሺ አትልም ነበር። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አንተን አይመለከትም። ሥራህን የምትወድ ከሆነ አፍህን ያዝ።»

ያዝኩ… ሰባት ወር ሙሉ።

ኋላ ትሕትና እንደነገረችኝ፣ እማማ ጌታነሽ ወረዳ ሄደው ነበር። «አሻራዎ አለበት እኮ እናቴ፣ ፍርድ ቤት ይሂዱ» ተባሉ። «የወለድኩትን ልጅ ዳኛ ፊት ቆሜ አልከስም» ብለው ተመለሱ። ከብዙ ልመና በኋላ ነው ለትሕትና በስማቸው እንድትከስ ውክልና የሰጧት።

ባለፈው ሳምንት ትሕትና ደወለችልኝ።

«ወንድሜ… እናቴ ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አትቀምስም። የፍርድ ቤት ቀጠሯችን ለኅዳር ሃያ አንድ ነው። የምታውቀውን ትመሰክርልኛለህ?»

ሁለት ልጆች አሉኝ። የቤት ኪራይ አለብኝ።

«ላስብበት» አልኳት።

«እሺ» ብላ ዘጋችው። አልተቆጣችኝም… እሱ ነው የባሰብኝ።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሌባ ብቻውን አይሰርቅም። አይቶ ዝም የሚልለት፣ መድረክ ላይ ሲወጣም የሚያጨብጭብለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ቤተሰብ… እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ እንጀራችሁን አጥታችሁም ቢሆን ትመሰክሩ ነበር? ወይስ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ታልፉ ነበር?

ሳትዋሹ ጻፉልኝ… ኅዳር ሃያ አንድ ሳይደርስ።