ተዳፋት የሌለው ሻወር

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰብስቤ ጎረቤቱን መምህር ቀነዓን ይንቀው ነበር። ሰውየው ናዝሬት መጥቶ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መጠጥ ቤት አልታየም፤ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ ሲሰድቡት እንኳ ፈገግ ይላል። ለሰብስቤ እንዲህ ያለ ሰው ወይ ጅል ነው ወይ የደበቀው ነገር አለ።

በ1971 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቀነዓ ለቀበሌው ማመልከቻ አስገባ። ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሻወር ቤት ሊያደርጋት ነውና አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ይፈቀድለት።

«ለአንድ ሻወር አምስት ኩንታል?» አለ ሰብስቤ።

«ወለሉ ትንሽ ጠለቅ ይላል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማነው የሚሠራልህ?»

«ራሴ ነኝ።»

ሰብስቤ ሳቁን ለቀቀው። ጠመኔ እንጂ ሌላ ነገር ጨብጦ የማያውቅ እጅ! ቢሆንም ፈረመለት። የአብዮት በዓል ሳይደርስ አንድ ፀረ አብዮተኛ ለማስረከብ ለአውራጃው ቃል ገብቶ ነበር። የሚፈለጉትም በወረቀት ተዘርዝረው ተሰጥተውታል፤ መሣሪያ የደበቀ፣ እህል ያከማቸ፣ በየቤቱ ተሰብስቦ የሚዘምር፣ ወሬ የሚያናፍስ። ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግልጽ ነው። መሣሪያው ከተገኘ ቀነዓ ተወስዶ አይመለስም። ሰብስቤ ደግሞ አውራጃ ቢሮ ገብቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሚስቱን አበባን ላካት።

«ከሚስቱ ከየሺዓለም ጋር ተወዳጂ» አላት። «የሚቀብሩትን አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

አበባ መሄድ አልፈለገችም። አንድ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር መቀመጥ ጠልታለች፤ ሌሊቱንም ስታለቅስ ነው የምታነጋው። ሰብስቤ ግን ሁለት ጊዜ መናገር አይወድም። ሄደች።

ማታ ተመልሳ መጣች። «ሴራሚክ ሲለጥፍ ዋለ። ይጣመምበታል፤ ነቅሎ እንደገና ይለጥፋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለው ብለህ ነው?»

በየቀኑ ትሄዳለች፤ በየቀኑ ወሬው ያው ሴራሚክ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሰብስቤ ታክቶት ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶችና ሴራሚክ በማንጠፍ የታወቀውን መሐመድሰዒድን አስከትሎ ገባ።

መሐመድሰዒድ ሦስት ደረጃ ወርዶ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ አለች።

«መምህር፣ ሻወር ተዳፋት ይፈልጋል። ይሄ ወለል እኮ ሜዳ ነው። ውሃው በየት ሊሄድልህ ነው?»

«ቀዳዳ አለው» አለ ቀነዓ።

ቀዳዳውስ ነበር፤ በጎማ ተወትፏል። የሻወሩ ራስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከኋላው ግን ቧንቧ የለውም። መሐመድሰዒድ እጁን አራገፈ። «ሠላሳ ዓመት አንጥፌያለሁ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ይሄ የከብት ማጠጫ ነው!»

ጓዶቹ በዲጂኖ ስድስት ሴራሚክ ነቅለው ከሥሩ ቆፈሩ። ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ ወጣ። ቀነዓ አልተቆጣም፤ የተነቀሉትን አንድ በአንድ ጠርጎ፣ መልሶ ሊለጥፋቸው ጥግ ላይ ደረደራቸው። ይህ ትሕትናው ሰብስቤን አንገሸገሸው። ጠላት እንኳ ሲሆን ወንድ ቢሆን ምን አለበት?

ሪፖርቱን አጭር አደረገው፦ «ግለሰቡ ሞኝ እንጂ ፀረ አብዮተኛ አይደለም።»

የቤቱ ነገር ግን አስደሰተው። አበባ ሌሊት መተኛት ጀምራለች። የፍልሰታ ጾም ገብቶ እንደ ወትሮው አልጾመችም። የማርያም ማኅበሯን ተወች። አንድ ቀን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሰረችውን ማተብ ፈትታ አስቀመጠችው። ሰብስቤ በየማታው ጮክ ብሎ የሚያነብላት የሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ትምህርት ሠራ ብሎ ደረቱን ነፋ። አውራጃ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የገዛ ሚስቱን ለምሳሌነት ጠቀሳት፤ ተጨበጨበለት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሆነ።

«የመምህሩ ሻወር ሳይሞከር ሊቀር ነው» አለች አበባ። «ከቀበሌው የጉድጓድ ውሃ ብትልክላቸው ጉዱን ታይ ነበር።»

ሰብስቤ ሐሳቡን ወደደው። እሑድ ጠዋት ባለጋሪውን ገርባን ዐሥር በርሜል ውሃ አስጭኖ ራሱ ቆሞ አስገለበጠ። ውሃው እስከ ወገብ ሞላና ዝም ብሎ ተኛ። ሰብስቤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«በል ታጠብበት እንግዲህ፣ የሒሳብ ሊቅ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ቀነዓ። «ውለታዎን አልረሳም።»

ሰብስቤ ሲወጣ አብሮት የመጣውን ባለጠብመንጃ የጥበቃ ጓድ በሩ ላይ አቆመው። «መምህሩ ሻወር ስለሚወስድ ማንም እንዳይረብሸው!» አለና እየሳቀ ወደ ስብሰባው ሄደ። አበባ የሺዓለምን ላግዛት ብላ ቀረች። ጥቂት ቆይቶ ስምንት ሰዎች ፎጣ ይዘው መጡ። ውሃ በጠፋበት ሰሞን ሰው ገላውን ለመታጠብ የማይሄድበት የለም፤ ዘቡም እየሳቀ አሳለፋቸው።

የሻወር ቤቱ በር ሲዘጋ አበባ ነጠላዋን ለየሺዓለም አቀብላ ሦስቱን ደረጃ ወረደች፤ ውሃው ውስጥ ቆሞ የሚጠብቃት ቀነዓም አንድ እጁን ከጀርባዋ አድርጎ በለሆሳስ፣ «እኅታችን አበባ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» አለና አጠለቃት።