ያኮረፈው ባትሪ

ባትሪው ያበጠው ታሞ ነው ወይስ አኩርፎ? በርሊን ምህንድስና ስማር ይህን ያስተማረኝ የለም።

የዘንድሮ ባትሪ የወደደው ሰው ሳያዘው ኃይሉን አያቋርጥም። ላንጋኖ ዳር የቆመችው ተሽከርካሪ ቤታችን ባትሪ የሚወደው ባለቤቴን ሰናይትን ነው። ማታ ማታ “ደህና እደር” የምትለው ለእሱ ነበር። ትናንት ተጣልተን እናቷ ቤት ሄደች።

ያበጠ ባትሪ ይፈነዳልና ቻርጀሩን ነቅዬ፣ መስኮቱን ከፍቼ ወጣሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ደምመላሽ ራቅ ብለው ቆመው ሽምግልና ጀመሩ።

“ልጄ፣ በሞቴ ኃይልህን አቋርጥ!”

“እትዬ ሰናይት ካልመጡ አልታረቅም” አለ ባትሪው ከውስጥ።

ጋሽ ደምመላሽ ወደ እኔ ዞሩ። “ለመሆኑ ምን አድርገሃት ነው?”

ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ “ሰኒ፣ ቤታችን ሊቃጠል ነው። ለእኔ ባይሆን ለባትሪው ስትይ አንድ ቃል በዪው።”

መልእክቱን አይታዋለች። ባትሪው ግን አሁንም ይጠይቀኛል፦ “እትዬ ምን አሉ?”