ከመሸ የማይነሳው ሄሊኮፕተር

የጦር ሰፈሩ ሬዲዮ ሠራተኛ የሆነችው ሴት ታናሽ ወንድም ከመሸ በኋላ ግንባር ላይ ሆዱን ተመትቶ ወደቀ። አብረውት የቆሰሉ ሌሎችም ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሄሊኮፕተሮች ግን የአጋር አገር ጦር ናቸው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይበሩ ከአገራቸው ጥብቅ ትእዛዝ አለ።

«ወንድሜ ነው፤ በእናትህ!» አለችው ከአብራሪዎቹ አንዱን እግሩ ላይ ወድቃ።

«እህቴ፣ ትእዛዙ የእኔ ቢሆን እስካሁን ደርሼ ነበር። ሲነጋ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።»

«እስኪነጋ ማን ይቆያል?»

አብራሪው ጥሏት ለመሄድ አንጀቱ አልቻለም፤ ሬዲዮው ፊት አጠገቧ ቁጭ አለ። በሬዲዮው የሚሰማው የወንድሟ ትንፋሽ እየሳሳ ሄደ። «አይዞህ የኔ ጌታ» እያለች ስታባብለው ድምፁ ድንገት ጠራ።

«እታለም፣ ተባረኪ! ሄሊኮፕተሩ መጣልን እኮ። እያሳፈሩን ነው።»

በመስኮት ተመለከተች። ሁለቱም ሄሊኮፕተሮች ክንፋቸው በገመድ እንደታሰረ ቆመዋል።

«የማን ነው? እንዳትሳፈር!» ብላ ጮኸች።

«ምን ነካሽ? አብራሪው ያንቺው ሰው ነው። ‹እሷ ናት የላከችኝ› አለን። ይኸው ያናግርሽ።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፅ፣ ያው ጎርናና ድምፅ፣ ያው የባዕድ አነጋገር፣ ከሬዲዮው ወጣ።

«እህቴ፣ ሁሉንም ይዣቸዋለሁ። አሁን ልንነሳ ነው።»

ዞር ብላ አየችው። አብራሪው ሁለት እጆቹን አፉ ላይ ጭኖ ሬዲዮውን አፍጥጦ ያያል።